የቤት ማስጠንቀቂያ ምልክት ምንድን ነው?

ቤት በአንድ ቀን አይበላሽም። ኮርኒስ የወረደ ዕለት "ድንገት ወረደ" እንላለን እንጂ፣ ከላዩ ያለው እንጨት መርጠብ የጀመረው ከወራት በፊት ነው። ሶኬትም የላላው በተቃጠለበት ቀን አይደለም። ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት የሚታይ፣ የሚሸት ወይም የሚሰማ ትንሽ ነገር አይጠፋም። ማስጠንቀቂያ ምልክት የምንለው እሱን ነው።

ችግሩ፣ እንከን የሌለበት ቤት የለም። ያየውን ጭረት ሁሉ የሚፈራ ሰው ገንዘቡም እንቅልፉም አይተርፍለትም። "ይሁን፣ ምን ይሆናል" የሚለው ደግሞ አንድ ቀን ዱብ ዕዳ ይወርድበታል። ስለዚህ ተራ እንከንንና ምልክትን መለየት ያስፈልጋል። እኔ የምለይበት መንገድ ቀላል ነው። ተራ እንከን እንዳለ ይቀመጣል። ምልክት ግን ያድጋል፤ ወይም ተጠግኖ ይመለሳል፤ ወይም ሌላ ነገር አስከትሎ ይመጣል። ከሦስቱ አንዱን ካያችሁ መንስኤው ውስጥ ነው ያለው።

ስንጥቅን እንውሰድ። አዲስ ልስን ሲደርቅ ይኮማተርና ቀጫጭን መስመሮች ያወጣል። ስፋቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነና ካላደገ ቀለም ይሸፍነዋል፤ እርሱት። የሚያሳስበው ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣው ነው። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ደግሞ መጋጠሚያውን እየተከተለ በደረጃ በደረጃ ይወጣል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የቤቱ አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጥ ሲሰምጥ ነው። ሸክላማ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። አንድ ጥግ ላይ ብቻ አሸንዳው ተሰብሮ ወይም ቧንቧው እያፈሰሰ ከሆነ፣ ከዚያ ጥግ ሥር ያለው አፈር ከሌላው ተለይቶ ይንቀሳቀሳል። መሠረቱም አብሮት ይሄዳል።

ስፋቱን ከላይም ከታችም ለኩት። አንደኛው ጫፍ ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ከሆነ ግድግዳው እየዞረ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ካለፈ መሐንዲስ ይየው። ከስንጥቁ አጠገብ ያለውን በርም ክፈቱና ዝጉት። አምና ያለችግር ይዘጋ የነበረ በር ዘንድሮ አንድ ማዕዘኑ ላይ ከተቀረቀረ ስንጥቁ ብቻውን አይደለም። በእርግጥ የእንጨት በር በእርጥበት ወራት ያብጣል። አየሩ ሲደርቅ ካልተመለሰ ግን ጥፋቱ የበሩ አይደለም።

ያድጋል ወይስ አያድግም የሚለውን ለማወቅ እርሳስ ይበቃል። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ አጭር መስመር አስምሩና ቀኑን ጻፉበት። በመሃሉ ላይ አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን ጄሶ ለጥፉ። ጄሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል። የአፈሩን ጠባይ ለማየት አንድ የዝናብና አንድ የደረቅ ወቅት ቢያልፍበት ጥሩ ነው። እስከዚያ ቀለም አትቀቡ። ቤት ሊሸጥ ሲል ብቻ የሚቀባ ግድግዳ ለምን እንደሚያጠራጥር እዚህ ጋ ይገባችኋል።

ውሃ ደግሞ አሳሳች ነው። ኮርኒስ ላይ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ክብ ካያችሁ፣ ቀዳዳው ልክ ከላዩ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ውሃ በጣሪያው እንጨት ላይ ተንሸራቶ ርቆ ሊንጠባጠብ ይችላል። ክቡን ቀረብ ብላችሁ እዩት። አንዱ በሌላው ውስጥ የተደራረቡ ቀለበቶች ካሉት ቦታው ረጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ረጥቧል። አንዴ ፈሶ የቆመ ነገር እንዲህ አይነት ቅርጽ አይተውም።

ግድግዳ ሥር ቀለሙ ሲያብጥ፣ ሲላላጥና ነጭ ዱቄት ሲያወጣ ብዙ ሰው ሻጋታ ይመስለዋል። ዱቄቱ ጨው ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ውሃ ጨውን አሟሙቶ ወደ ላይ ያመጣውና ራሱ ሲተን ትቶት ይሄዳል። ጠርጋችሁት ከተመለሰ ውሃው አሁንም እየመጣ ነው። ሻጋታ ሌላ ነው። የረጠበ ነገር ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መብቀል ሊጀምር ይችላል። በበረኪና ማጠብ ቀለሙን ያነሳ ይሆናል እንጂ እርጥበቱን አያቆመውም።

እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ግራ ከገባችሁ ፎይል ይረዳል። የግድግዳውን ገጽ አድርቁና አንድ ቁራጭ ፎይል ለጥፉበት፤ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽጉት። ከ1 እስከ 2 ቀን በኋላ እዩት። ወደ ክፍሉ የዞረው ፊት ጤዛ ከያዘ ጥፋተኛው የቤቱ አየር ነው፤ የማብሰያው እንፋሎት፣ የማይከፈተው መስኮት። ከጀርባው ከረጠበ ግን ውሃው የመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው።

የተደበቀ የቧንቧ ፍሳሽን ለማግኘት ግድግዳ መፍለጥ አይቀድምም። የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና (ዋናውን መዝጊያ ሳይሆን) ቆጣሪውን አንብቡ። ታንከር ካላችሁ መሙላቱን እስኪያቆም ጠብቁ። ከ1 ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። ማንም ሳይጠቀም ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ይፈሳል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሽንት ቤት ነው። ከመቀመጫው በስተኋላ ባለው ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትለቁት ቆዩ። ቀለሙ ታች ከታየ ጎሚኒው ያሳልፋል። ድምፅ ስለማያሰማ ወራት ሙሉ ሊፈስ ይችላል።

ኮንክሪት ላይ የሚወርድ ቡናማ መስመርም የውሃ ሥራ ነው። ውሃው ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ ጋ ደርሷል። ዝገት ከብረቱ ይበልጥ ቦታ ስለሚይዝ ሲሚንቶውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። በረንዳ ወይም ሶሌታ ሥር ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ፣ ቁራሹ ሰው ላይ ከመውደቁ በፊት ከሥሩ ራቁ።

የኤሌክትሪክ ምልክት እንደ ስንጥቅ ቀን ተጽፎበት የሚጠበቅ አይደለም። አብዛኛው ችግር የሚነሳው ከላላ ግንኙነት ነው። ሽቦ በደንብ ካልታሰረ መጋጠሚያው ላይ ይግላል፤ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ሞባይል ቻርጅ ሲያደርግ ምንም ያልሆነ ሶኬት ምድጃ ሲሰካበት የሚቀልጠው። የሶኬት ክዳን መጋል፣ ቢጫ ወይም ጥቁር መሆን፣ ዝዝ የሚል ድምፅ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። አንዳንዴ ሽታው የዓሣ ይመስላል፤ ሰዎች ወጥ ቤቱን ሲፈትሹ ይውላሉ። አንዱ ክፍል አምፖሉ ደብዝዞ ሌላው ከወትሮው በላይ ከደመቀ ደግሞ ኒውትራሉ (ከረንቱን የሚመልሰው ሽቦ) ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ዋናውን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። ፍሪጅ ወይም ሻወር ቀለል አድርጎ ከነዘራችሁም እንደዚያው አድርጉ። ንዝረቷ ትንሽ ስለሆነች አትናቋት፤ ከረንት እየፈሰሰ መሆኑን ነግራችኋለች።

እየደጋገመ የሚወርድ ብሬከርም አለ። "ደካማ ነው" ተብሎ በትልቅ ሲቀየር አይቻለሁ። ይህ ለእኔ ከሁሉም የከፋው ጥገና ነው። ብሬከሩ የሚወርደው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ሽቦው ሳይወፍር ብሬከሩ ሲተልቅ፣ ቀድሞ የሚሸነፈው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል።

ስለ ምስጥ የምለው አጭር ነው። ግድግዳ ላይ እንደ እርሳስ የቀጠነ የጭቃ መስመር ከታየ መንገዳቸው ነው። ጫር አድርጉት፤ በቀናት ውስጥ ከጠገኑት አሉ።

ጋዝ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል። ሽታው የጋዙ የራሱ አይደለም፤ ሲያፈስ እንዲታወቅ የሚጨመርበት ነው። ከሸተታችሁ ማብሪያም ማጥፊያም አትንኩ። ቫልቩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ውጡ። ሽታ የሌለው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቃጠሎ ሳይሟላ ሲቀር የሚወጣ መርዛማ ጋዝ። ሰማያዊ የነበረው የምድጃ ነበልባል ቢጫ ከሆነና ድስት ካጠቆረ ቃጠሎው አልተሟላም። ከሰል ከሆነ ምልክቱ ነበልባሉ ላይ አይታይም፤ ሰው ላይ ነው የሚታየው። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካቅለሸለሻቸውና ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው ጉንፋን አይደለም። ሁሉንም ይዛችሁ ውጡ፣ ሕክምና ሂዱ፤ ምድጃውም ሳይፈተሽ አይለኮስ።