አሮጌ ሳንቲም አገኛችሁ? ከመሸጣችሁ በፊት እነዚህን ወሬዎች አትመኑ

አሮጌ ሳንቲም እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የሚከስረው ግን መልሱን ሳያገኝ በሰማው ወሬ ተነስቶ ሲሸጥ ነው።

«ባረጀ ቁጥር ይወደዳል።»

አይደለም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተመቱ የሮም የነሐስ ሳንቲሞች ከ1,600 ዓመት በላይ ቆይተዋል። ግን በብዛት ስለሚገኙ ተራዎቹ በጥቂት ዶላር ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1933 የተመታው የአሜሪካ 20 ዶላር የወርቅ ሳንቲም ደግሞ ከነሱ አንጻር የትናንት ነው። ገበያ ሳይወጣ እንዲቀልጥ ታዘዘ። በግለሰብ እጅ እንዲቆይ የተፈቀደው ብቸኛው በ2021 ኒው ዮርክ ውስጥ በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ዋጋውን የሚወስነው ስንት ተረፈ፣ ስንት ሰውስ ይፈልገዋል የሚለው ነው።

«የተሠራበት ዓመት ላዩ ላይ ተጽፏል።»

ሁልጊዜ አይደለም። ማሪያ ቴሬዛ ብርን ተመልከቱ። 1780 ይላል፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያው ዓመት እንደተጻፈበት ቪየናን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ አብዛኛው የሚያወጣው ውስጡ ካለው የብር ማዕድን ዋጋ ብዙም የማይርቅ ነው። 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 83.3 በመቶው ንጹህ ብር ነው። ከማዕድኑ ዋጋ በታች ለሚሰጣችሁ ሰው አትቸኩሉ።

«ታጥቦ ሲያብረቀርቅ ጥሩ ዋጋ ያወጣል።»

እባካችሁ ይሄን አታድርጉ! የብዙ ጥሩ ሳንቲም ዋጋ ያለቀው በባለቤቱ እጅ ነው። በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በጥርስ ሳሙና የተፈተገ ሳንቲም በማጉያ መነጽር ሲታይ ላዩ በቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል። ያልተነካ አዲስ ሳንቲም ብርሃን ስር ስታዞሩት ነጸብራቁ አብሮ ይዞራል። የተፈተገው ግን ከየትኛውም ጎን ዝም ብሎ ያበራል። ሰብሳቢ ይሄን በአንድ እይታ ይለያል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ አንሱት፤ ለስላሳ ፒቪሲ ፕላስቲክ ውስጥም አታስቀምጡት፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት ይለቅበታል።

«ማግኔት ካልሳበው ኦርጅናል ነው።»

መዳብንም እርሳስንም ማግኔት አይስብም። ፎርጅዱ ከነሱ ከተሠራ ፈተናውን ያልፋል። ክብደቱንና ስፋቱን ለክታችሁ ከትክክለኛው ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

«ኢንተርኔት ላይ በ10 ሺህ ዶላር ተለጥፎ አይቻለሁ።»

መለጠፍማ ማንም ይለጥፋል። መታየት ያለበት የተሸጠበት ዋጋ ነው። ያለፉ የጨረታ ውጤቶችንና የተጠናቀቁ ሽያጮችን ፈልጉ። ስታነጻጽሩም ዓመቱ፣ የመምቻ ቤቱ ምልክት (ሳንቲሙ የት እንደተመታ የሚያሳየው) እና የሳንቲሙ ይዞታ (ምን ያህል እንዳልተጎዳ) ከእናንተው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ነጋዴ የራሱን ትርፍ ስለሚያስብ ከዚያ ቀንሶ ቢጠራ ሌባ ነው ማለት አይደለም፤ ገንዘቡን ግን ወዲያው ታገኛላችሁ። ጨረታ የተሻለ ሊያወጣ ይችላል፤ ኮሚሽን ይቆረጣል፣ መጠበቅም አለ።

«ውድ ሳንቲም አለህ፣ መጀመሪያ የመመዝገቢያ ክፈል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት። ገዢ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም። ብዙ ሳንቲም ካላችሁም ለአንድ ገዢ ደፍታችሁ አታስመርጡ። የሁሉንም ሁለት ፊትና ጠርዝ ፎቶ አንስታችሁ ቢያንስ ሦስት ቦታ ጠይቁ፤ ምርጦቹን ለቅሞ ሌላውን የሚተው ገዢ ከመጣ፣ የለቀማቸውን ሳትሸጡ ደግማችሁ አጣሩ።