ኩራሳዎ፦ ቱላ ያመፀባት ደሴት

ኩራሳዎ ከቬንዙዌላ ጠረፍ በስተሰሜን 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የካሪቢያን ደሴት ናት። ስፋቷ 444 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዝናብ ብዙም አታገኝም፤ ቁልቋል ይበዛባታል።

ስፔኖች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1499 ሲደርሱ ካኬቲዮ የሚባል ሕዝብ ይኖርባት ነበር። ወርቅ ስላላገኙባት የማትረባ ደሴት አሏት። በ1515 ግን ከነዋሪዎቿ አብዛኞቹን አግዘው በሂስፓኒዮላ ደሴት በግዳጅ አሠሯቸው። በ1634 የኔዘርላንድ ምዕራብ ሕንድ ኩባንያ ደሴቲቱን ከስፔኖች ነጠቀ። ኩባንያው ዓይኑን የጣለው ወደቧ ላይ ነው፤ ትልልቅ መርከቦች በቀላሉ የሚገቡበት ጥልቅ ወደብ አላት። ከአፍሪካ በግፍ የተጋዙ ሰዎች እዚያ እየተራገፉ ወደ ስፔን ቅኝ ግዛቶች ይሸጡ ነበር። ዛሬ የዋና ከተማዋ የቪለምስታድ ባለቀለም ሕንፃዎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ቱሪስቱም ፎቶ ይነሳባቸዋል። የቆሙት ግን በዚያ ንግድ ገንዘብም ጭምር ነው፤ ይህ ሳይነገር መታለፉ ያሳዝናል።

የደሴቲቱ ትልቁ ታሪክ ለእኔ የቱላ ነው። ነሐሴ 1795 ኬኔፓ በተባለ እርሻ ከ40 እስከ 50 የሚሆኑ በባርነት የተያዙ ሰዎች ከእንግዲህ አንሠራም አሉ። መሪያቸው ቱላ ነበር። ከእርሻ ወደ እርሻ እየሄዱ ሌሎችን ነፃ ሲያወጡ ቁጥራቸው በጣም አደገ። ቱላ የዓለምን ወሬ ይከታተል ነበር፤ ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን አስቀርታለች፣ ኔዘርላንድ ደግሞ በፈረንሳይ እጅ ወድቃለች፣ ታዲያ ያ ሕግ ለእኛ የማይሠራው ለምንድን ነው የሚል ነበር ጥያቄው። ሊያስታርቅ የተላከውንም ቄስ ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን አይደለም ወይ የመጣው ብሎ ሞገተው። መልሱ ጥይት ሆነ። አመፁ ከወር በላይ ቆይቶ ተደፈቀ፤ ቱላም ጥቅምት ላይ በአሰቃቂ ሁኔታ ተገደለ። ባርነት በሕግ የቀረው በ1863 ነው። የኔዘርላንድ መንግሥት የቱላን ስም በይፋ ያደሰው በ2023፣ ከ228 ዓመት በኋላ ነው። በጣም ዘገየ!

ከዚህ ሁሉ መከራ መሃል ፓፒያሜንቱ የሚባል ቋንቋ ተወልዷል። ፖርቱጋልኛ፣ ስፓኒሽ፣ ደችና የአፍሪካ ቋንቋዎች ተዋህደውበታል። ሀብታም ድሃ ሳይል አብዛኛው ሰው የሚናገረው ቋንቋ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት አይሁድም ቋንቋቸው አደረጉት፤ እስካሁን ከታወቁት የፓፒያሜንቱ ጽሑፎች ቀደምቱ አንድ አይሁዳዊ በ1775 የጻፈው ደብዳቤ ነው። የእነሱ ምኩራብ በ1732 ተሠርቶ ዛሬም ያገለግላል፤ ወለሉ በአሸዋ የተሸፈነ ነው።

ታምቡ የሚባለው የከበሮ ዘፈንና ጭፈራም ከባርነት ዘመን የመጣ ነው። ቤተ ክርስቲያንም መንግሥትም ለረጅም ጊዜ ቢያሳድዱትም አልጠፋም። ምግባቸው ውስጥ ደግሞ ፉንቺ አለ፤ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ፣ ከእኛ ገንፎ ጋር የሚቀራረብ ነው። ከፍየል ወጥ ጋር ይበላል።

ኩራሳዎ በፈረንጆች አቆጣጠር ከጥቅምት (ኦክቶበር) 10 ቀን 2010 ጀምሮ በኔዘርላንድ ንጉሣዊ መንግሥት ሥር ራሷን ታስተዳድራለች። መከላከያና የውጭ ጉዳይ ግን አሁንም የኔዘርላንድ መንግሥት በሚቀመጥባት በሄግ እጅ ነው።