ጭቃው የት ሊደርቅ ነው? ስለ መናፈሻ ኩሬ ደለል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት አልፎ ውሃ መጉደል ሲጀምር፣ በባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ስለ መናፈሻ ኩሬ የሚሰማው ነገር ያው ነው፦ «ስካቫተር ይግባና በሁለት ቀን ይጠረግ!» ማሽን ማግኘት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ለወጣው ጭቃ ቦታ ማግኘት ነው።

«ዳር ላይ ይከመር፤ ፀሐይ ያደርቀዋል።»

ከዚህ የባሰ አባባል የለም፤ ስንት ገንዘብ የፈሰሰበትን ሥራ በአንድ ክረምት ገደል የሚከተው እሱ ነውና። ከኩሬ የወጣ ደለል አብዛኛው ውሃ ነው። ክምሩ በሳምንት ውስጥ ላዩ ነጣ፣ ስንጥቅጥቅ ብሎ የደረቀ ይመስላል። በዱላ ወጋ አድርጉት፤ ዱላው ጥቁር ጭቃ ለብሶ፣ የተበላሸ እንቁላል እየሸተተ ይወጣል። ቅርፊቱ እንደ ክዳን ሆኖ የታችኛውን ውሃ ያፍነዋል። ስለዚህ ሜትር ተኩል የተከመረ ደለል ግንቦት ድረስ ቢቆይም ሆዱ እርጥብ ነው። ሰኔ ሲገባ ክምሩ ይሟሟና ወደ ኩሬው ይመለሳል። ቀድሞ የሚመለሰው ደግሞ ውሃ የሚያደፈርሰውና ፎስፈረስ የተሸከመው ደቃቁ ሸክላ ነው።

ማሽን ከመከራየት በፊት ደለሉ ይለካ። ሁለት ዘንግ ይበቃል። አንዱ ጫፉ ላይ ስፋቱ 20 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ላሜራ ይበየድበታል፤ ላሜራው ለስላሳው ጭቃ ላይ ያርፋል። ሌላው ቀጭን ፌሮ ነው፤ ጠንካራው መሬት እስኪያቆመው ይገፋል። የሁለቱ ልዩነት የደለሉ ውፍረት ነው። በየ10 ሜትሩ እየተለካ አማካዩ ይያዝ። ስፋቱ 1,500 ካሬ ሜትር በሆነ ኩሬ አማካዩ 60 ሳንቲሜትር ከመጣ፣ የሚወጣው ጭቃ 900 ሜትር ኩብ ነው። እንዲደርቅ ከ50 ሳንቲሜትር በላይ ሳይወፍር መነጠፍ አለበት፤ ስለዚህ 1,800 ካሬ ሜትር ማድረቂያ ይፈልጋል። ማድረቂያው ከኩሬው ይሰፋል ማለት ነው! ብዙ ጊዜ ይህ የሚታወቀው ስካቫተሩ ገብቶ የሰዓት ኪራይ መቁጠር ከጀመረ በኋላ ነው።

ማድረቂያው ዙሪያውን 80 ሳንቲሜትር ከፍታ ባለው የአፈር ክትር ይታጠር። ዝቅ ባለው ጥግ ሳንቃ በሳንቃ የሚደረደርበት መውጫ ይሠራለት። ጭቃው ዘቅጦ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ሲጠራ አንድ ሳንቃ ብቻ ይነሳ፤ ሁለት አብረው ከተነሱ ጭቃው ውሃውን ተከትሎ ይወጣል። ስንጥቁ ጣት ሲያስገባ ጭቃው ይገለበጥ፤ ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ ይደገም። ሲደርቅ መጠኑ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እርጥቡ በገልባጭ መኪና ኋላ በር እየፈሰሰ አስፋልት ስለሚያበላሽ ከ10 ሜትር ኩብ በላይ መጫን አይቻልም፤ 90 ምልልስ ነው። የደረቀውን 15 እየጫነ በ30 ምልልስ ይጨርሰዋል።

ወሩም ይታሰብበት። ጣና ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት፣ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ ነው። የሐይቅ ዳር ኩሬ ከሐይቁ ጋር በመሬት ውስጥ ስለሚገናኝ በኅዳር የተቆፈረው ጉድጓድ ቶሎ ውሃ ይሞላል። በግንቦት ከተቆፈረ ደግሞ ጭቃው ሳይደርቅ ዝናብ ይደርስበታል። ከጥር እስከ መጋቢት አጋማሽ ቁፋሮው ያልቅ።

«ጣና ሰፊ ነው፤ ወደ ሐይቁ ይገፋ።»

ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቁ ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡበት ደለል ይበቃዋል።

«ደለል የሚያመጣው ደንገሉ ነው።»

ደንገል ደለል ይይዛል እንጂ አያመጣም። በውሃ መግቢያው በኩል ቢያንስ 5 ሜትር ሳይቆረጥ ይተው።

«በጠለቀ ቁጥር ይሻላል።»

ፌሮው የቆመበት ላይ ስካቫተሩም ይቁም። የድንጋይ ግንብ ካለ ከግንቡ ሥር 2 ሜትር አይነካ፤ መሠረቱ ከተገለጠ ግንቡ ወደ ውሃው ያጋድላል።

«ፓምፕ ካለ ስካቫተር ምን ያደርጋል?»

ፓምፕ ጭቃውን በብዙ ውሃ አቅጥኖ ነው የሚስበው፤ ማድረቂያው ደግሞ ያን ሁሉ ውሃ መቀበል አለበት። ወንፊት ካልተገጠመለት ፌስታል፣ ገመድና ባዶ ሃይላንድ ተጠምጥመውበት ቀኑን ሙሉ ሲፈታ ይውላል።

«ዓሣው ራሱ ይሸሻል።»

በተዘጋ ኩሬ ወዴት? የተናጠ ጭቃ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። አምባዛ አየር ስለሚተነፍስ ይቆያል፤ የሚያልቀው ቀረሶው ነው። ጎህ ሲቀድ ቀረሶ አፉን ከውሃው በላይ ሲከፍት ከታየ የዚያን ቀን ቁፋሮ ይቁም።

«ለም ስለሆነ በቀጥታ ለአትክልት ይሰጥ።»

የፎገራ ሜዳ ላይ ጎርፍ በስሱ የሚያነጥፈው ደለል ሌላ፣ የጋራዥ ዘይትና የመንገድ እጣቢ የገባበት የኩሬ ጭቃ ሌላ። ላቦራቶሪ ሳያየው ጎመን አይተከልበት። ንጹሕ ከሆነም ደርቆ፣ አንድ እጅ ደለል ለሦስት እጅ አፈር ይደባለቅ።

«አንዴ ከተጠረገ ለዓመታት አያሳስብም።»

የጎርፍ ቦዩ የኮብልስቶን አሸዋና የግንባታ አፈር ይዞ በቀጥታ እስከገባ ድረስ ይሞላል። ቦዩ አፍ ላይ ርዝመቱ የወርዱ ሦስት እጥፍ፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ የደለል መያዣ ጉድጓድ ይሠራ፤ የስካቫተር መድረሻ መንገድም ይተውለት። ውስጡ ምልክት ያለው ብረት ይተከልና ግማሹ ሲሞላ ይዛቅ። ዝናብ ሳይጀምር በግንቦት መጨረሻ ባዶ መሆን አለበት፤ በነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ እንደገና ይታይ።