ከዳር ወደ ግቢ፦ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ዝግጅት በአዲስ አበባ ዙሪያ

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በጀሞ «የእገሌ ልጅ ግቢ ገባች» ሲባል ስለ አጥር የሚያስብ የለም። ዩኒቨርሲቲ ገባች ማለት ነው። ወደ ግቢ የሚያስገባው ዋና በር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። እናቶች እስካሁን «ማትሪክ» ይሉታል። ልጆችን ለዚህ ፈተና ማዘጋጀት በከተማው ዳር ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ከፊሉ በትምህርት ቤት ይሠራል። ከፊሉ በኮንዶሚኒየም ኮሙናል (የነዋሪዎች የጋራ ቤት)፣ በሰው ሳሎን፣ በቴሌግራም።

ፈተናው እንዴት እንዲህ ከበደ?

ድሮ ማጣሪያው ሁለት ነበር። አንዱ 10ኛ ክፍል ላይ፣ ሌላው 12ኛ ላይ። የ10ኛው በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ተንሸራቶ እስከ 12ኛ ይደርሳል፤ የሚያቆመው የለም። ጉዱ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው።

የኩረጃው ነገርም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥያቄው ቀድሞ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። ከዚያም በኋላ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ፈተና እምነት እያጣ ሄደ። በመጨረሻ ትምህርት ሚኒስቴር ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ሁለት ነገር ለወጠ። ፈተናው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። ማለፊያውም 50 በመቶ ሆነ።

ውጤቱ በጥር 2015 ሲነገር አገር ደነገጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 3.2 ሆነ። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። ቁጥሩ እያደገ ነው፤ ግን አሁንም ከአሥር ልጅ አንድ አይሞላም።

የአዲስ አበባ ውጤት ከአገር አቀፉ ይሻላል። ይህን ሰምተው የሚጽናኑ ወላጆች አሉ። እኔ ብዙም አልጽናናም። «አዲስ አበባ» የሚለው ቁጥር ለቤተ መጻሕፍት ቅርብ የሆነውን የአራት ኪሎ ልጅና ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚያድረውን የዳር ልጅ አንድ ላይ ይደምራል።

ተማሪዎች ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ናቹራልና ሶሻል (የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ) ተብለው ይለያያሉ። ሁለቱም እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ይፈተናሉ። ናቹራሎች ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጨምራሉ፤ ሶሻሎች ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ስድስት ትምህርት፣ ከ600። ሁሉም ምርጫ ነው፤ መልሱን ማጥቆር ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መፈተን ተጀመረ። ማውዝ ጨብጦ ለማያውቅ ልጅ ይህም ሌላ ፈተና ነው።

የዳር ኑሮ

ብዙዎቹ ቤተሰቦች ወደ ዳር የመጡት የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላቸው ወይም መሀል ከተማ የነበረው ቤታቸው ፈርሶ ነው። ቤቱ ይለወጣል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ወዲያው አይለወጥም። ልጁን ከለመደው ትምህርት ቤት ላለማንሳት ብለው ሌሊት 11 ሰዓት የሚቀሰቅሱት ወላጆች አሉ። ልጁ ታክሲ ውስጥ ተኝቶ ይሄዳል፤ ማታም ታክሲ ውስጥ ተኝቶ ይመለሳል። ደብተሩን ሲከፍት ሁለት ሰዓት አልፏል። አንዳንዴ ያን ጊዜ መብራት ይሄዳል። ለሴት ልጅ ደግሞ ሌላም ሥራ አለ። ውኃ በፈረቃ ከሆነና ተራው ሌሊት ከደረሰ ጀሪካን የምትሞላው እሷ ናት። «ጥናት አለበት» የሚባለው ወንድሟ ሲሆን ታዝቤያለሁ።

ቤተ መጻሕፍቱም ሩቅ ነው። አብርሆት በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት የዳር ልጆችም ተደስተዋል። ግን ከኮዬ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅበት ቀን አለ። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው የራሱን መላ ይፈልጋል። በየብሎኩ መካከል ያለው ኮሙናል ለስብሰባ፣ ለልቅሶና ለድግስ የተሠራ ነው። ዛሬ በብዙ ሳይት ማታ ማታ ወንበር ተደርድሮ ልጆች ያጠኑበታል። ኮሚቴው ከፈቀደ ማለቴ ነው። ልቅሶ የተቀመጡ ቀን ጥናቱ ይቀራል።

አንድ ከሌላ ቦታ የማታገኙት ነገርም አለ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታንና ገላንን አቀፈ። ዛሬ በአንዳንድ ሰፈር አስፋልቱ ድንበር ነው። ከአስፋልቱ ወዲህ ያለው ትምህርት ቤት ለአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ፣ ወዲያ ያለው ለኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ይጠየቃል። ልጆቹ በታችኛው ክፍል የተማሩበት ቋንቋም ሊለያይ ይችላል። 12ኛ ሲደርሱ ግን አንድ ዓይነት ወረቀት ይቀርብላቸዋል። ኮሙናሉ ውስጥ አብረው የሚያጠኑትም ለዚህ ነው።

ዋናው ጣጣ እንግሊዝኛው ነው

በማስጠናት ሥራ ጥቂት ዓመት የቆየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይነግራችኋል። ልጁን የሚጥለው የ12ኛ ክፍል ትምህርት አይደለም። ጥያቄዎቹ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ካለው ይወጣሉ፤ ቀዳዳው ግን ከዚያም በፊት ነው። 9ኛ ላይ መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆናል። መምህሩ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያስረዳል፤ ልጁም ይገባዋል። ፈተናው የሚጠይቀው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

የእህቴን ልጅ ፊዚክስ ሳስጠና የገባኝ ይኸው ነው። ቀመሮቹን ሸምድዳለች። አንድ ድንጋይ ከሕንፃ ላይ ሲለቀቅ ስለሚደርስበት ፍጥነት የሚጠይቅ ጥያቄ ሰጠኋት። ጥያቄው ድንጋዩ «ፍሮም ሬስት» ተነሳ ይላል። ብዙ አፍጥጣ «ጋሼ፣ መነሻ ፍጥነቱ እኮ አልተሰጠም» አለችኝ። ተሰጥቷል። «ፍሮም ሬስት» ማለት መነሻ ፍጥነቱ ዜሮ ነው ማለት ነው። እሷ ግን «ትንሽ ካረፈ በኋላ» ብላ ተርጉማዋለች። ፊዚክሱን ታውቃለች፤ ጥያቄውን አላነበበችውም።

«ኖት» እና «ኤክሴፕት» የሚሉት ቃላትም እንደዚሁ ስንቱን ጥለዋል። ልጁ ትክክለኛውን አረፍተ ነገር ፈልጎ ያገኝና ያጠቁራል። የተጠየቀው ስህተት የሆነውን ነው። ጎበዝ አስጠኚ መጀመሪያ የሚያስለምደው እነዚህን ቃላት ማስመር ነው።

ሒሳብም ከዚህ አይርቅም። ካልኩሌተር አይገባም። ስልክ ላይ ማባዛት የለመደ ልጅ 0.25ን በ0.4 ሲያባዛ ደቂቃው ያልቃል። ቀልድ ይመስላል እንጂ የ12ኛ ክፍል ልጅ ክፍልፋይ እንደገና ቢማር የሚያገኘው ነጥብ አዲስ ምዕራፍ ከመጨረስ ይበልጣል። ወላጅ ግን ይህን አይወድም። «የከፈልኩት ለ12ኛ ነው፣ 6ኛ ክፍል ታስተምርልኛለህ እንዴ?» የተባልኩበት ጊዜ አለ።

አፕቲትዩድ ደግሞ ባለቤት የለውም። ክፍለ ጊዜ የለውም፣ መምህርም የለውም። ግን እንደ ፊዚክስ እኩል ከ100 ይያዛል። ከፊሉ የቃላት ዝምድናና ንባብ ነው፤ ከፊሉ የቁጥርና የምክንያት ጥያቄ። ሸምድዶ የሚገባበት አይደለም። የሚረዳው ልምምድ ብቻ ነው፤ የድሮ ፈተና እየሠሩ ሰዓት መያዝ። ለዳር ልጅ ደስ የሚለው ይህ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የድሮ ወረቀትና አንድ የእጅ ሰዓት ይበቃል።

ማን ያስጠናል?

መንግሥት ትምህርት ቤቶች ማጠናከሪያ ይሰጣሉ፤ ከክፍል በኋላ ወይም ቅዳሜ። ጥራቱ በመምህሩ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር የዋለ ሰው ማታ ምን ያህል ጉልበት ይቀረዋል? ያም ሆኖ ሞዴል ፈተናውን በደንብ አርሞ ልጁ የሳተውን አንድ በአንድ የሚያሳይ መምህር ካለ ከየትኛውም የግል አስጠኚ ይበልጣል።

የቤት ለቤት አስጠኚ ሌላው ነው። በመብራት ምሰሶ ላይ «ልምድ ያላቸው አስጠኚዎች አሉን» የሚል ወረቀት ያላየ የለም። ከጀርባው አብዛኛውን ጊዜ ደላላ አለ፤ ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ድርሻውን ይወስዳል። አስጠኚው ራሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ዳር ድረስ ለመምጣት ግን ትራንስፖርቱ አያዋጣውም። ስለዚህ አራት አምስት ቤተሰብ ተባብሮ አንድ አስጠኚ ይይዛል። ዕቁብ የለመደ ሰፈር ለዚህ አይቸገርም። በሰንበት ትምህርት ቤትና በመስጊድ ወጣቶች በኩል ያለ ክፍያ የሚያስጠኑም አሉ። በክረምት በጎ ፈቃድም እንዲሁ።

ቴሌግራሙ ብዙ ነው። ወርክሺት፣ ሾርት ኖት፣ የድሮ ፈተና በነፃ ይወርዳል። ልጁ ሦስት መቶ ፋይል ያወርድና አንዱንም አይሠራም። ይህም አንድ ዓይነት ቸካይነት ነው፤ ስልኩ ይቸክላል እንጂ ልጁ አይቸክልም።

ፈተናው ሲቃረብ «ጥያቄው እጃችን ገብቷል» የሚሉ ቻናሎች ይፈላሉ። ገንዘብ ላኩ ይላሉ። ብሩ ሲገባ ብሎክ ያደርጉሃል። እንደ ማዕከል ተከፍቶ የሚያታልልም አለ። እኛ ሰፈር አንዱ የሦስት ወር ክፍያ ተቀብሎ በሁለተኛው ወር ዘግቶ ሄደ። ወንበሮቹ እንኳ የኪራይ ነበሩ።

የፈተናው ሰሞን

ባለፉት ዓመታት ፈተናው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ እየዋለ ነው። ክረምት ነው፤ ጭቃ ነው። ልጁ ስልክ ይዞ አይገባም፤ ፍተሻው ጠበቅ ያለ ነው። መዘጋጀት ያለበት ነገር ቀላል ይመስላል፦ መታወቂያ፣ የመፈተኛ ካርድ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ሙቅ ልብስ። ካርዱን ቤት ረስቶ ከበር የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ። ያ ቀን ለቤተሰቡ ምን እንደነበር አልነግራችሁም። አንድ ምክር ብቻ ልጨምር፦ ባዶ የተተወ ጥያቄ ነጥብ የለውም፤ ያልታወቀውም ይጥቆር።

ምርጫና ሌሎች በሮች

ውጤት ብዙ ጊዜ በመስከረም አካባቢ ይወጣል። ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል ይመርጣል፤ ምደባውን የሚሠራው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ምርጫው ላይ ቤተሰብ ይጣላል። እናት ቅርብ ትላለች፤ ልጁ ሩቅ ይላል። ለዳር ልጅ በጣም ቅርቡ ቂሊንጦ አካባቢ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል። ግን እሱ ናቹራል ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የራሱ የመግቢያ ፈተናም አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አመልካቾችን በራሱ ፈተና ይመዝናል። ስለዚህ «ማትሪክ አለፈ፣ አበቃ» የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ሁለተኛ ፈተና ሊኖር እንደሚችል ልጁ በጊዜ ይወቅ። ውጭ አገር በነፃ ትምህርት ዕድል የሚያመለክቱም አሉ፤ በዳር ሰፈር ግን ቁጥራቸው ትንሽ ነው።

50 ያልሞላለት ልጅ ሪሜዲያል አለው። ይህ ማካካሻ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ተጀመረ። መቁረጫ ነጥቡን ያሟሉ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለጥቂት ወራት ይማራሉ። ከዚያ እንደገና ይፈተናሉ፤ 70 በመቶው ከማዕከል፣ 30 በመቶው ከተቋሙ። አምሳ ካመጡ አንደኛ ዓመት ይቀጥላሉ። ሪሜዲያል መግባትን እንደ ውርደት የሚቆጥር ቤተሰብ አለ። እኔ አይገባኝም። እንግሊዝኛውን ያቃናበት ልጅ አይቻለሁ። ሪሜዲያልም ያልደረሰው ቴክኒክና ሙያ ይገባል፤ ወይም በግል ተመዝግቦ በሚቀጥለው ዓመት ይፈተናል።

ያለፉትም ወዲያው አይሄዱም። ምደባው እስኪታወቅ፣ ዩኒቨርሲቲው ጥሪ እስኪያወጣ ሳምንታት ያልፋሉ፤ አንዳንዴም ወራት። ልጁ ቤት ነው፤ ሥራ የለውም፤ ትምህርቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ገና ትኩስ ነው። የት እንደሳተም ያስታውሳል። ኮሙናሉ ውስጥ ምርጥ አስጠኚ የሚገኘው በእነዚህ ሳምንታት ነው። የእህቴ ልጅም ያኔ ሦስት የ11ኛ ክፍል ልጆች ይዛ ነበር። ጥሪው የወጣ ቀን ወርክሺቶቿን በፌስታል አድርጋ ለአንዷ ትታላት ሄደች። ሽፋኑ ላይ በትልቁ «ፍሮም ሬስት = ዜሮ» ብላ ጽፋበታለች።