ካፓሲቲ ፋክተር ምንድን ነው? 35 ከመቶ «ወድቋል» ማለት አይደለም

ሰሞኑን እንደገና ሰማሁት። አንድ ሰው ስለ ሕዳሴ ግድብ ሲያስረዳ «5,150 ሜጋ ዋት ይባላል እንጂ እውነተኛው አቅሙ 1,800 ነው» አለ። አብረውት የነበሩትም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በአዳማ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ቆመው ያያቸውን የነፋስ ተርባይኖች ይጠቁምና «እነዚህ እኮ አይሠሩም» ይላል።

ሁለቱም የሚሰናከሉት በአንድ ነገር ነው፤ በካፓሲቲ ፋክተር። የምሠራው ታዳሽ ኃይል ላይ ነው። የምመራው የዳታ ቡድን ይህን ቁጥር በየቀኑ ያሰላል። በትክክል ሲያዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም ስለማውቅ፣ ሲጣመም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ስሌቱ አጭር ነው። ጣቢያው በዓመት ያመነጨውን ኃይል ትወስዳላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ኖሮ ሊያመነጭ ይችል ለነበረው ታካፍላላችሁ። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። 5,150 ሜጋ ዋት በዚያ ሲባዛ 45,114,000 ሜጋ ዋት ሰዓት፣ ማለትም 45,114 ጊጋ ዋት ሰዓት ይመጣል። ሕዳሴ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። ሲካፈል 35 ከመቶ ገደማ። አለቀ።

ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ከመቶ» የሚል ቃል ስንሰማ የፈተና ውጤት ይመስለናል። ከ50 በታች ያመጣ ወደቀ እንላለን። ይህ ቁጥር ግን ማንንም አይፈትንም።

የሰፈር ወፍጮ ቤት አስቡ። ወፍጮው በሰዓት 5 ኩንታል ይፈጫል እንበል። ሌሊት ዝግ ነው። በአዘቦት ቀን ጠዋት ሁለት ሦስት ሰው ጤፉን ይዞ ይመጣል፣ ከሰዓት ጭር ይላል። የፋሲካ ሰሞን ግን ሰልፉ ከበሩ ያልፋል። የዓመቱን ዱቄት ለ8,760 ሰዓት ብናካፍለው ምናልባት በሰዓት 1 ኩንታል ቢደርስ ነው። ታዲያ ባለ ወፍጮውን «የወፍጮህ እውነተኛ አቅም 1 ኩንታል ነው» የሚለው አለ? የበዓል ሰሞን ሰልፉ የሚቃለለው 5 ኩንታል መፍጨት ስለሚችል ነው።

ሕዳሴም እንደዚሁ ነው። እህሉ ውኃው ነው። አባይ በዓመት በአማካይ ወደ 49 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያመጣል፤ አብዛኛው የሚመጣው በክረምት ነው። 74 ቢሊዮን የሚይዘው ሐይቅ ጎተራው ነው። ጎተራው ውስጥ ያለው እህል የተወሰነ ከሆነ፣ ወፍጮ ብትጨምሩ ዱቄቱ እምብዛም አይጨምርም። የሚጨምረው የመፍጨቱ ፍጥነት ነው። ለግድቡ መጀመሪያ 16 ተርባይን ታስቦ ነበር፤ በኋላ 13 ሆነ። ያው ውኃ ለጥቂት ተርባይኖች ሲከፋፈል ካፓሲቲ ፋክተሩ ከፍ ይላል። ግድቡ ግን በዚህ ምክንያት «ጎበዝ» አልሆነም። አካፋዩ ስላነሰ ብቻ ነው።

«1,800 ነው» ላለው ወንድሜ የምለው ይህ ነው። 1,800 የዓመቱ ምርት ለ8,760 ሰዓት ሲካፈል የሚመጣው አማካይ ነው። የተተከለው 1,800 ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ያንኑ ምርት ለማግኘት ቀንና ሌሊት ሳይቆም መሥራት ነበረበት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ቤት መብራትና ምድጃ ሲያበራ ከዚያ በላይ መስጠት አይችልም ነበር። ክረምቱ የሰመረ ዓመት ደግሞ ትርፉ ውኃ ሳይሠራበት በማፍሰሻው ይሄድ ነበር። ስንት ተርባይን ይበቃ ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ገንዘብ የወጣበት ነገር ነውና። የወጪ ጥያቄን ግን «አቅሙ ውሸት ነው» ከሚል ክስ ጋር ማምታታት ሰውን ያሳስታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። 5,150ውም ቢሆን የሐይቁ ከፍታ በቂ ሲሆን የሚገኝ ነው። ውኃው ሲወርድ ግፊቱ ይቀንሳል፣ የተርባይኑም ጉልበት አብሮ ይቀንሳል።

ነፋስ ጎተራ የለውም። እህሉ በደጅ አልፎ ይሄዳል፤ አሁን ካልፈጫችሁት ነገ አይመለስም። በዚያ ላይ የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በውስጡ ያለው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ተርባይን በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ላይ መዞር ጀምሮ፣ ሙሉ አቅሙን ለመስጠት 11 ወይም 12 ሜትር የሚጠብቀው። «አዳማ ሁለት» የተባለው የነፋስ ኃይል ጣቢያ 102 ተርባይኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 1.5፣ ባጠቃላይ 153 ሜጋ ዋት። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ቢቆሙ የሚጠበቅ ነው። ደግሞ በእኛ አገር ነፋሱ የሚበረታው በአብዛኛው በበጋ፣ ወንዞች በሚጎድሉበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት የሚመነጨው ኃይል ለግድቦቹ ውኃ ያተርፍላቸዋል። የዓመት አማካይ ይህን አያሳይም።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ካፓሲቲ ፋክተርን ከቅልጥፍና ጋር ማምታታት ነው። ቅልጥፍና ማለት ከአንድ ኩንታል እህል ስንት ኪሎ ዱቄት ወጣ ነው። የትኛውም የነፋስ ተርባይን በክንፉ ስፋት ከሚያልፈው ነፋስ ከ59.3 ከመቶ በላይ ኃይል መውሰድ አይችልም፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ከካፓሲቲ ፋክተር ጋር አይገናኝም። ዝግጁነት ደግሞ ሌላ ነው፤ ድንጋዩ ተወቅሯል ወይ፣ ሞተሩ ደህና ነው ወይ ነው። ከዓመቱ 98 ከመቶ ለሥራ ዝግጁ የሆነ ተርባይን ካፓሲቲ ፋክተሩ 30 ሊሆን ይችላል፤ ጤነኛ ነው። አንዳንዴም ነፋስም ማሽንም እያለ የኃይል መቆጣጠሪያ ማዕከሉ መስመሩ አይችልምና «ቀንሱ» ይላል። የተፈጨው ዱቄት መጫኛ ሲያጣ ወፍጮውን አትወቅሱም።

ቁጥሩ ራሱም የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ የደረሰን ወርሃዊ ሪፖርት የጳጉሜንን ካፓሲቲ ፋክተር 6 ከመቶ ይላል። አንድ ኃላፊ ደንግጦ የጥገና ሠራተኞችን ሊልክ ተነሣ። ስናየው አካፋዩ 720 ሰዓት ነበር፣ እንደ ማንኛውም ባለ 30 ቀን ወር። ጳጉሜን 5 ቀን ነው፤ 120 ሰዓት። በትክክል ሲካፈል 36 ከመቶ ሆነ። ሌላው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ተረኛው በመዝገቡ «2 ሰዓት» ብሎ የጻፈውን ማሽኑ 8 ብሎ ይመዘግበዋል። የወር ድምሩን አይነካም። ከነፋስ ትንበያ ጋር ስናገናኘው ግን ሁሉን ነገር በስድስት ሰዓት ያዛባዋል። ተርባይኖች በየተራ ሥራ በሚጀምሩበት ዓመት ደግሞ ገና ያልተተከለውን አቅም አካፋይ ላይ መጨመር ጣቢያውን ያለ ጥፋቱ ዝቅ ያደርገዋል።

ስለዚህ ቡድናችን ውስጥ ይህ ቁጥር ብቻውን አይወጣም። ከጎኑ ስንት ሰዓት እንደተቆጠረ፣ ስንት ማሽን ዝግጁ እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት በትእዛዝ እንደቆሙ ይጻፋል። አንድ ጣቢያ በደንብ ሠርቷል ወይ የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ጥያቄውን እንቀይርለታለን፤ ዘንድሮ በነፈሰው ነፋስ፣ ዘንድሮ በመጣው ውኃ፣ ምን ያህል ማመንጨት ነበረበት? ምን ያህልስ አመነጨ?