ከባድ የጭንቅላት ጉዳትና የፅኑ ሕሙማን ሕክምና፦ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በደንገጎ ተራራ እየተጠማዘዘ ይወጣል። እዚያ መኪና ቢገለበጥ ወይም ከተማ ውስጥ ባጃጅ ሰው ቢገጭ፣ የተጎዳው ሰው ድሬ ላይ ወደ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ደግሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ወደሆነው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሊወሰድ ይችላል። ሰው ራሱን ሲስት «ውሃ አምጡ» ማለት ልማዳችን ነው። እባካችሁ ይቅር! ውሃው ወደ ሳንባ ይገባል።

የንቃቱ መጠን የሚለካው በግላስጎው መለኪያ ነው። ዓይኑን መክፈቱ፣ መናገሩና መንቀሳቀሱ ታይቶ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። 8 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ጉዳቱ ከባድ ነው። የመተንፈሻ መንገዱን ራሱ መጠበቅ ስለማይችል ቱቦ ገብቶለት በመሣሪያ ይተነፍሳል።

የመጀመሪያው ምት አንዴ ሆኗል። ፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚታገለው ከሁለተኛው ጉዳት ጋር ነው። የተመታ አንጎል ያብጣል፤ የራስ ቅል ግን አጥንት ነው፣ አይለጠጥም። ውስጡ ያለው ግፊት ሲጨምር ደም ወደ አንጎል መድረስ ያቅተዋል። በዚህ መሐል የደም ግፊት ወይም ኦክስጅን ለደቂቃዎች እንኳ ቢወርድ የተረፈው ሕዋስ ይሞታል። ስለዚህ የላይኛው የደም ግፊት በአብዛኛው ከ110 እንዳይወርድ ይጠበቃል። የአልጋው ራስጌ 30 ዲግሪ ከፍ ይላል። አንገቱ ቀጥ ይላል፤ የቱቦው ማሰሪያ ጠብቆ ከሆነ ይላላል፤ ደም ከጭንቅላት በደንብ እንዲወርድ ነው። ትኩሳትም አንጎልን ይጎዳል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ማቀዝቀዙ ራሱ ሥራ ነው።

የጭንቅላትን ግፊት የሚለካ መሣሪያ በሌለበትስ? በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በቦሊቪያና በኢኳዶር 324 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት በመሣሪያው የታከሙት፣ በሲቲ ስካንና በቅርብ ክትትል ከታከሙት የተሻለ ውጤት እንዳላገኙ አሳይቷል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ሌሊቱን ሙሉ በየሰዓቱ በባትሪ የዓይን ብሌን የምታይ ነርስ ሕይወት ታተርፋለች። አንዱ ብሌን ሰፍቶ ለብርሃን መልስ ካጣ የአንጎልን እብጠት የሚቀንስ ማኒቶል የተባለ መድኃኒት ይሰጣል፤ ደም ከቋጠረ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ድሮ እብጠት ይቀንሳል እየተባለ ይሰጥ የነበረው ስቴሮይድ ግን ሞትን እንደሚጨምር በ2004 እ.ኤ.አ. ስለታወቀ ቀርቷል።

በር ላይ የሚጠብቁ አስታማሚዎች «መቼ ይነቃል?» ይላሉ። በማስተኛ መድኃኒት ሆን ተብሎ እንዲተኛ መደረጉ ሊነገራቸው ይገባል። መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላም አንዳንዱ ቀስ እያለ ነው የሚነቃው፤ ንግግሩ ለመመለስ ወራት የሚፈጅበትም አለ።