ስለ ትናንሽ የአሳ አጥማጆች ደሴቶች የምናስበውና እውነታው

ሞቃታማ ባህር ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ አንድ ዓይነት ነው። ነጭ አሸዋ፣ የኮኮናት ዛፍ፣ ሰው የማይታይበት ዳርቻ። ምስሉ ውሸት አይደለም፤ የጎደሉት ነዋሪዎቹ ናቸው። እነዚህ ደሴቶች ከመዝናኛነታቸው በፊት ሰው የሚኖርባቸውና የሚሠራባቸው ቦታዎች ናቸው። ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ደጋግመው የሚነሱትን የተሳሳቱ ሐሳቦች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጸጥ ያለችው ሥራ ስለሌለባት ነው»

እኩለ ቀን ላይ መንደሩን ብትዞሩ ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ጋደም ብሏል። እንግዳው «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ?» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ሰዎቹ ግን የቀን ሥራቸውን የጨረሱት እሱ ሳይነቃ ነው።

ማልዲቭስን እንውሰድ። እዚያ ቱና የሚጠመደው በመረብ ሳይሆን በዘንግና በመንጠቆ፣ አንድ በአንድ ነው። መጀመሪያ ትናንሽ አሳዎች ይያዙና ጀልባው ውስጥ ባለ የውሃ ጉድጓድ በሕይወት ይቀመጣሉ። የቱና መንጋ ሲገኝ ትናንሾቹ ወደ ባህር ይበተናሉ። ከጀልባው ኋላ ደግሞ ውሃ ይረጫል፤ የባህሩ ገጽ በአሳ የሚተራመስ ይመስላል። ቱናው ተሻምቶ ሲመጣ አጥማጆቹ ተሰልፈው ከባህር ወደ ጀልባ ይወረውሩታል። መንጠቆው ማቆያ እሾህ ስለሌለው አሳው ወለሉ ላይ ሲያርፍ ራሱ ይላቀቃል። ጉልበትም ፍጥነትም የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ዛንዚባር አካባቢ ደግሞ ትናንሾቹን አሳዎች የሚያጠምዱት ሌሊት፣ በመብራት ነው። አሳው ብርሃኑን ተከትሎ ይሰበሰብና መረብ ይገባል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ግን ባህሩ ሁሉ ብርሃን ስለሚሆን መብራቱ አይስብም። ስለዚህ በእነዚያ ሌሊቶች ብዙ ጀልባዎች ከዳርቻ አይነሱም። የአጥማጆቹ የዕረፍት ቀን የሚቆረጠው በጨረቃ ነው።

እንግዲህ ሌሊቱ ጸጥ ይላል ብላችሁ አትጠብቁ። ሞተር ይነሳል፣ ዶሮ ይጮኻል፣ አንዳንድ ቦታ ጄኔሬተር ያድራል። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። እኔን ብትጠይቁኝ ግን የእነዚህ ደሴቶች ምርጡ ሰዓት ጀልባዎቹ የሚመለሱበት ነው። ሚስቶች፣ ልጆች፣ ገዢዎች፣ ድመቶች ሳይቀሩ ይወጣሉ። ሄዳችሁ እዩ። ሸክም የያዘ ሰው መንገድ ላይ አትቁሙ፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም ጠይቁ።

«አሳ አጥማጆች ካሉ የፈለጉትን አሳ ሁልጊዜ ማግኘት ይቻላል»

አይቻልም፤ ባይቻልም ጥሩ ነው። በመካከለኛው አሜሪካዋ ቤሊዝ ያለችው ኬይ ኮከር በሎብስተር፣ ማለትም ረጅም ጅራት ባለው ሸርጣን መሰል የባህር እንስሳ፣ የምትታወቅ ትንሽ ደሴት ናት። ሆኖም ሎብስተር በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ እንዲራባ ጊዜ ይሰጠዋል። ከመጠን ያነሰውንም መያዝ አይፈቀድም። ብዙ እንግዳ የማያስተውለው፣ በተዘጋ ወቅት «ሎብስተር የለም?» እያለ የሚወተውት ደንበኛ ሕግ የሚጥስ ሰው እንዲኖር ገበያ እየፈጠረ መሆኑን ነው። ክልከላውን የሚያከብር ምግብ ቤት ካጋጠማችሁ እዚያ ብሉ።

ደግሞም ከተያዘው ምርጡ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ውጭ ገበያ ነው። ስለዚህ ሜኑ ከማንበብ ይልቅ «ዛሬ ምን ገባ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

«ትኩስ አሳ በደንብ ከበሰለ አይጎዳም»

ይህ አደገኛ ስህተት ነው። ሲጓቴራ የሚባል የአሳ መመረዝ አለ። መነሻው ኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባህር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋያማ አካል) ላይ የሚበቅሉ፣ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ናቸው። ትናንሽ አሳዎች ይበሏቸዋል፣ ትላልቆቹ ትናንሾቹን ይበላሉ፤ መርዙ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ባራኩዳ፣ ትልልቅ ግሩፐርና ስናፐር በዚህ ይታወቃሉ። መርዙ ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም። ማብሰልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። የታመመ ሰው ያስታውከዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከንፈሩና ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። አንዳንዱ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ እንደሚያቃጥል ሆኖ ይሰማዋል።

አደጋው ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ስለዚህ ሁሉንም አሳ ፍሩ እያልኩ አይደለም። የትኛው ሪፍ ላይ ምን አሳ እንደማይበላ የሚያውቁት አጥማጆቹ ናቸው። እነሱ የማይበሉትን እናንተም አትብሉ።

«ዙሪያው ውሃ ስለሆነ የውሃ ችግር የለም»

ዝቅ ባለ የኮራል ደሴት ላይ ወንዝ የለም። ያለው ከመሬት በታች የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። ጨው የሌለው ውሃ ስለሚቀል ከባህሩ ውሃ በላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። ከልክ በላይ ሲቀዳ ወይም ማዕበል ደሴቷን ሲያጥለቀልቃት ጨው ይገባበታል፤ ጉድጓዱ እስኪያገግም ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የቀረው ፍላጎት የሚሟላው ከጣሪያ በሚጠራቀም ዝናብ ወይም ብዙ ኃይል በሚበላ የጨው ማጣሪያ ነው። እናንተ ሻወር ሥር ግማሽ ሰዓት ስትቆሙ የምትጠቀሙት የጎረቤትን ውሃ ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው፣ እንግዳ ሳያውቅ ከሚያደርሰው ጉዳት ትልቁ ይህ ስለሚመስለኝ ነው።

«ዝናብ ከሌለ ባህሩ የተረጋጋ ነው»

ባህሩን የሚያናውጠው ዝናብ ሳይሆን ነፋስ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ጀልባ የማይንቀሳቀስበት ቀን አለ። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ስለ ዝናቡ ብቻ ሳይሆን ነፋሱ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ጠይቁ። በካሪቢያን በኩል የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 እንደሆነም አስቡ። ከደሴቷ በወጣችሁበት ቀን አውሮፕላን ለመሳፈር ግን አታቅዱ፤ በመሃል ቢያንስ አንድ ቀን ተዉ። ካፒቴኑ «ዛሬ አይሆንም» ካለ ደግሞ አትከራከሩት።

«ደመና ካለ ፀሐይ አያቃጥልም፣ ትንኝም የማታ ነው»

ሁለቱም ስህተት ናቸው። ስስ ደመና አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ጨረር ያሳልፋል፣ አሸዋውና ውሃውም መልሰው ያንጸባርቁታል። ከሰንስክሪን በፊት እጅጌው ረጅም ልብስና ባርኔጣ ይቅደም። የፓስፊክ ደሴት አገር የሆነችው ፓላው ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮራል ይጎዳሉ የተባሉ ኬሚካሎች ያሉባቸውን ሰንስክሪኖች ከልክላለች፤ የምትሄዱበትን ቦታ ሕግ አስቀድማችሁ እዩ። ስለ ትንኝም፣ ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የሚያስተላልፈው ዓይነት የሚናከሰው በዋናነት ቀን ነው። የሚራባውም ትንሽ ውሃ ባቆረ ጣሳና ባልዲ ውስጥ ነው።

«ውሃው ጉልበት ካልደረሰ አያሰጋም»

ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ነው እሾሃሙ ባህር ጃርት የሚረገጠው። በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖስ በኩል ደግሞ ድንጋይ የሚመስለው ስቶንፊሽ አለ፤ የጀርባው እሾህ መርዛማ ነው። የውሃ ጫማ አድርጉ፣ አሸዋማ ቦታ ላይ እግራችሁን እየጎተታችሁ ሂዱ። ስቶንፊሽ ከወጋችሁ ቁስሉን በምትችሉት ያህል ሙቅ፣ ግን ቆዳ በማያቃጥል ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ሕመሙን ይቀንሳል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሕክምና።

«የባህር ዳር ስለሆነ እንዳሻን እንለብሳለን»

ዳርቻውና መንደሩ አንድ አይደሉም። በማልዲቭስ ነዋሪዎች በሚኖሩባቸው ደሴቶች አልኮል አይሸጥም፣ በዋና ልብስ መሆን የሚቻለውም ለእንግዳ በተከለለ ዳርቻ ነው። ሌላው ቦታ ላይ ሕጉ ባይኖርም ወደ ሱቅ ስትሄዱ ትከሻና ጉልበታችሁን ሸፈን አድርጉ። አቀባበሉ ወዲያው ይለወጣል።

«አንድ ዛጎል ብወስድ ማን ይጎዳል?»

ባዶ ዛጎል ለሸርጣን ቤት ነው። ነጩ አሸዋ ራሱ በከፊል የተፈጨ ኮራል ነው፤ ፓሮትፊሽ የሚባለው ባለቀለም አሳ ኮራሉን እየጋጠ፣ በሆዱ እያሳለፈ ያወጣዋል። አንድ ትልቅ ፓሮትፊሽ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ አሸዋ ሊያመርት ይችላል። ድንጋያማ ኮራል፣ እንዲሁም ባለዛጎሎቹ ግዙፉ ክላምና የካሪቢያኑ ትልቅ ኮንክ ደግሞ ንግዳቸው በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ያለ ፈቃድ ሻንጣችሁ ውስጥ ከተገኙ ኤርፖርት ላይ ሊወረሱና ሊያስቀጡ ይችላሉ። ዳርቻ ላይ የሚሸጥላችሁ ሰው ይህንን አይነግራችሁም። መታሰቢያ ከፈለጋችሁ ከመንደሩ ሰው እጅ የተሠራ ምንጣፍ ወይም ቅርጫት ግዙ።